ደባል ሲያስቸግር፦ ዕቃ ሲጠፋ፣ ብር ሲቀርና ፖሊስ ሲጠራ ምን ይደረጋል

ሥራዬ ራፖር፣ ማለትም ማመልከቻና አቤቱታ፣ መጻፍ ነው። ሰው ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ከመግባቱ በፊት እኔ ዘንድ ጎራ ይላል። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴም የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚመጡ አሉ። ጥያቄያቸው ከሞላ ጎደል ያው ነው። «አብራኝ የምትኖረው ልጅ ስልኬን ወሰደች።» «ያበደርኩትን ብር ካደኝ፤ ላሳስረው እችላለሁ?» «ደብድበሃል ተብዬ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቻለሁ፤ ገብቼ ምን ልበል?»

በደባል መኖር እኛ ጋ የተለመደ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ደሴ የሚማሩትም ለሁለት ለሦስት ይከራያሉ። አንድ በር፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ሶኬት። ጠብ ሲነሳ ማስረጃው ያለው እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። በማግስቱ ክፍሉ ይጠረጋል፣ ሻንጣው ይወጣል፣ ያየ ሰው ወደ አገሩ ይሄዳል። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚመጡት ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ያ ነው የሚያሳዝነኝ፤ እውነታቸውን ይዘው ማስረጃ ያጣሉ። እባካችሁ ይህን ከመቸገራችሁ በፊት አንብቡት።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። እዚህ የጻፍኩት ለቀላሉና ለዕለት ተዕለቱ ችግር ነው። ሰው በጽኑ ከቆሰለ፣ ከሞተ፣ ወይም ብዙ ዓመት የሚያሳስር ክስ ከመጣባችሁ ቀጥታ ወደ ጠበቃ ሂዱ። አቅም ከሌላችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በወንጀል ተከስሳችሁ ጠበቃ ማቆም ካልቻላችሁ ደግሞ ፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ፤ ካለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት እንዲያቆምላችሁ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- መታወቂያ፤ የቀበሌም ፋይዳም ይሆናል
- ደብተርና እስክሪብቶ
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ፤ የእናንተ ከጠፋ የጎረቤት
- የጠፋው ዕቃ ደረሰኝ ወይም ካርቶን፤ ለስልክ ካርቶኑ የግድ ነው ማለት ይቻላል
- የቤት ኪራይ ውል ካለ ቅጂው
- የቴሌብርና የባንክ መልእክቶች፤ ሳይጠፉ
- ያዩ ወይም የሰሙ ሰዎች ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር

ደረሰኝ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። ዕቃው የእናንተ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በምስክርነት መቅረብ ይችላል። ዕቃውን ይዛችሁ የተነሳችሁት የድሮ ፎቶም ይረዳል።

1. መጀመሪያ ጉዳዩን ለዩ፦ ወንጀል ነው ወይስ ፍትሐ ብሔር?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ዕቃው ወይም ብሩ ከእጃችሁ የወጣው እንዴት ነው?

ሳታውቁ ከሻንጣችሁ አውጥታ ከወሰደችው ስርቆት ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665። «አገር ቤት ስሄድ አስቀምጪልኝ» ብላችሁ በእጃችሁ ሰጥታችኋት ከሸጠችው እምነት ማጉደል ነው፤ አንቀጽ 675። «ፋብሪካ ውስጥ ሰው አለኝ፣ ሥራ አስገባሃለሁ» ብሎ በውሸት ብር ከወሰደባችሁ ደግሞ ማታለል ነው፤ አንቀጽ 692። እነዚህ ሦስቱ ወደ ፖሊስ ይሄዳሉ።

ተበድሮ አለመመለስ ግን ብቻውን ወንጀል አይደለም። የቤት ኪራይ ድርሻውን አልከፍልም ማለትም፣ የመብራትና የውሃ ሳይከፍሉ መውጣትም እንደዚያው ነው። ይህ ፍትሐ ብሔር ነው፤ ቦታው ፍርድ ቤት ነው። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ «ይሄ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ቢሏችሁ ሊያመናጭቋችሁ ፈልገው አይደለም። ብድር ፖሊስ አያስመልስም።

ይህን መለየት የሚጠቅመው በር እንዳትሳሳቱ ነው። ወር ሙሉ ፖሊስ ጣቢያ ተመላልሶ በመጨረሻ «ፍትሐ ብሔር ነው» የተባለ ሰው ስንቱን ቀን ከሥራ ቀርቷል! የአንቀጹን ቁጥር መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። ያንን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ያወጡታል። እናንተ ዕቃው ከእጃችሁ እንዴት እንደወጣ በትክክል ተናገሩ። «ሰረቀችኝ» ብላችሁ ቃል ሰጥታችሁ ኋላ «እኔ ነኝ አስቀምጪ ያልኳት» ካላችሁ ቃላችሁ ተምታታ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ቀላል ድብደባ፣ ስድብ፣ ዕቃ መስበር የመሳሰሉት በግል አቤቱታ የሚያስከስሱ ናቸው። የተበደለው ሰው ራሱ ካላመለከተ ክስ አይመሠረትም። ፖሊስ መጥቶ ገላግሏችሁ ስለሄደ ጉዳዩ የተመዘገበ አይምሰላችሁ። ሄዳችሁ «አመለክታለሁ» ማለት አለባችሁ።

2. የሆነውን በዕለቱ ጻፉ

ከመጮኻችሁ በፊት፣ ለሰፈር ከማውራታችሁ በፊት ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ነበር፣ ምን አያችሁ።

አንዲት ልጅ ከካላንደር ጀርባ ላይ የጻፈችውን ይዛ መጣች። «ማክሰኞ፣ 11 ሰዓት ላይ ከሺፍት ገባሁ። ሻንጣዬ ክፍት ነው። ቁልፉ አልተሰበረም። 4,000 ብርና የጆሮ ወርቄ የለም። አንዷ ተኝታለች፣ ሌላዋ የለችም።» አምስት መስመር ብቻ ናት። መርማሪው ያተኮረው «ቁልፉ አልተሰበረም» የሚለው ላይ ነበር። ቀጥሎ የጠየቃት ትርፍ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ነው። ጉዳዩ መልክ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ከሳምንት በኋላ ብትመጣ ኖሮ ቁልፉ ተሰብሮ ይሁን አይሁን ራሷም እርግጠኛ አትሆንም ነበር።

ስትጽፉ ያያችሁትንና የጠረጠራችሁትን ለዩ። «ሻንጣው ክፍት ነበር» ያያችሁት ነው። «እሷ ናት የወሰደችው» ጥርጣሬ ነው። ሁለቱም ይጻፍ፤ ግን ጥርጣሬውን «እጠረጥራለሁ፣ ምክንያቱም…» ብላችሁ ጻፉት።

3. ማስረጃውን ሳትነካኩ ሰብስቡ

ክፍሉን ፎቶ አንሱ፦ በሩን፣ ቁልፉን፣ ሻንጣውን። ከራቅ ብላችሁ አንድ፣ ቀረብ ብላችሁ አንድ። የተሰበረ ነገር ካለ አትጠግኑት፣ ከቦታውም አታንቀሳቅሱት።

ስልክ ከጠፋ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ) ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ። ይህ የመጀመሪያው ነው። ስልኩ ሳይሆን ቴሌብሩና የባንክ መተግበሪያው ናቸው የሚያስፈሩት። ባንካችሁንም ወዲያው አሳውቁ።

ለ) ካርቶኑ ላይ ያለውን ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር ገልብጡ። ፖሊስ ስልኩን ከሌላ ስልክ የሚለየው በዚህ ቁጥር ነው። «ጥቁር ቴክኖ» ማለት ብቻውን ምንም አይጠቅምም፤ ጥቁር ቴክኖ ሞልቷል።

ሐ) ስልካችሁ አሁን በእጃችሁ ካለ እዚሁ ቆም በሉና *#06# ደውሉ። የሚመጣውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉት። ደብተሩን እንጂ ስልኩን አትመኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ የደባላችሁን ሻንጣ ራሳችሁ አትበርብሩ። ቁልፏንም አትስበሩ። ዕቃችሁን ብታገኙት እንኳ «አንቺ ራስሽ ነሽ ያስቀመጥሽብኝ» ትላለች፤ ያኔ የሚያስተባብልላችሁ የለም። ከዚያም አልፎ የእሷ ዕቃ ጎደለ ከተባለ ተከሳሽ እናንተ ናችሁ። ብርበራ የፖሊስ ሥራ ነው፤ እሱም በደንቡ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይዞ ነው። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው መከታተልና ሕጉ የዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች ሲቀሩ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ በተለይ ካልፈቀደ በስተቀርም ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

4. በሽማግሌ የሚያልቀውን በሽማግሌ ጨርሱ፤ ግን በወረቀት

እኛ ወሎዎች እርቅ እንወዳለን፤ ደግ ነገር ነው። ስድብ፣ ግፊያ፣ የተሰበረ ድስት፣ የኪራይ ድርሻ በሽማግሌ ቢያልቅ ሁሉም ያርፋል። በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ጉዳይ ሲሆን ታርቃችሁ አቤቱታውን ማንሳት ትችላላችሁ። አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ወይም የሰፈር ትልቅ ሰው፣ ወይም አከራያችሁ እማማ ራሳቸው በቂ ናቸው።

ስህተቱ የሚመጣው ሲታረቁ ነው። ቡና ተጠጥቶ፣ ተመራርቆ፣ ምንም ሳይጻፍ ይለያያሉ። ከወር በኋላ «ምን አልኩሽ?» ይመጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር በወረቀት ይስፈር፦ ምን እንደተስማማችሁ፣ በስንት ቀን እንደሚፈጸም፣ ካልተፈጸመ ወደ ሕግ እንደሚኬድ። ሁለታችሁም ሽማግሌዎቹም ፈርሙ። ቀኑ «በቅርቡ» አይባልም፤ «ኅዳር 30» ይባላል።

ወደ ሽማግሌ የማይሄዱም አሉ። መደፈር፣ በስለት መወጋት፣ አጥንት መሰበር የመሳሰሉት በቀጥታ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ነው። የተደፈረች እህታችሁን «ለስምሽ ብለሽ ዝም በይ» የሚል ሽማግሌ ቢመጣ አትስሙት። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ሆስፒታል አድርሷት፤ የለበሰችው ልብስ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ለእሷ ሕክምናው በሰዓታት የሚቆጠር ነው፤ ከሁሉ በፊት እሱ ይቅደም።

5. ፖሊስ ጣቢያ ቃል ስትሰጡ

ጠዋት ሂዱ፤ ያኔ መርማሪ ታገኛላችሁ። ድንገተኛ ከሆነ ግን ሌሊትም ተረኛ አለ።

አቤቱታ በቃልም ይሰጣል፤ ራፖር ካላስጻፋችሁ አንቀበልም መባል የለበትም። እኔ በዚህ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ቢሆንም እውነቱ ይሄ ነው። ራሳችሁ መጻፍ ከፈለጋችሁ ይህን ገልብጡ፦

«ለ……… ፖሊስ ጣቢያ። አመልካች ……… አድራሻ ……… ስልክ ………። ተጠርጣሪ ……… አድራሻ ………። በ……… ቀን ……… ዓ.ም. ከቀኑ/ከሌሊቱ ……… ሰዓት ገደማ፣ ……… ሰፈር በጋራ በተከራየነው ክፍል ውስጥ የሚከተለው ደርሶብኛል፦ ………። የጠፋው ንብረት ………፣ ግምቱ ……… ብር። ምስክሮች 1. ……… 2. ………። ተጣርቶ ሕጋዊ እርምጃ እንዲወሰድልኝ አመለክታለሁ። ፊርማ ………»

ቃላችሁን ስትሰጡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ሆነው ተናገሩ። «ከዚያ በፊትም ክፉ ነበረች» ወደሚል አትሂዱ። ያልጠፋ ዕቃ አትጨምሩ፤ 4,000 ብር ጠፍቶ 10,000 አትበሉ። ውሸቱ ሲገኝ እውነቱም አብሮ ይወድቃል። ሰውን ንጹሕ መሆኑን እያወቁ መወንጀል ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው።

የሰጣችሁት ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ተነብቦላችሁ፣ ከዚያ ነው የምትፈርሙት። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 14 ይህን ይላል። መርማሪው ቢቸኩልም «ይነበብልኝ» በሉ። ያላላችሁት ካለ ይታረም። ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ተከሳሹ የሚያፋጥጣችሁ በዚያ ወረቀት ነው፤ ሰዓት ተሳስቶ የተጻፈ ቃል ስንቱን ምስክር አሳፍሯል።

ከመውጣታችሁ በፊት የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ያዙ። ካልያዛችሁ በሚቀጥለው ቀን «የትኛው ጉዳይ?» ይባላል።

ክሱ ፍርድ ቤት ከደረሰ በዚያው መዝገብ ካሳ መጠየቅ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ሌባው ታስሮ ዕቃው የውሃ ሽታ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። ዐቃቤ ሕጉን በጊዜ «ካሳም እጠይቃለሁ» በሉት።

6. ከተመታችሁ

በመጀመሪያ ሐኪም። ሁለተኛ ፖሊስ። ከተቻለ ግን በአንድ ቀን ሁለቱንም፤ ምክንያቱም ፖሊስ ወደ ሕክምና የሚልክበት ደብዳቤ ስላለ የሕክምና ማስረጃው የሚመለሰው በሱ ነው። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ለሐኪሙ በምን እንደተመታችሁና የት የት እንደሚያማችሁ ንገሩት። ፊታችሁን ብቻ አሳይታችሁ የጎናችሁን ሕመም ከተዋችሁ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የፊት ጭረት ብቻ ነው።

ቁስሉን በየቀኑ ፎቶ አንሱት። እብጠት በሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሰንበር ደግሞ ጎልቶ የሚወጣው በማግስቱ ነው።

መልሳችሁ መትታችሁ ከሆነ አትደብቁ። «እሷ ጀመረች፣ እኔም ገፈተርኳት» ማለት ይሻላል። ሌላው ወገን መናገሩ አይቀርም።

7. ብር ከቀረባችሁ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 እንዲህ ይላል፦ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመኑ፣ ወይም በመሐላ ነው። ምስክር ብቻውን አይበቃም። አሥር ሰው «አይተናል፣ ሲሰጠው ነበርን» ቢል እንኳ ዋጋ የለውም። ዛሬ 500 ብር ስንት ቀን ያደርሳል? ሕጉ ግን ያለው እንዲያ ነው።

ደሴ ሆጤ አካባቢ አብረው ይኖሩ የነበሩ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ ለሌላው 6,000 ብር በቴሌብር ላከለት። ወረቀት የለም፤ «እንደ ወንድሜ ነው» አለ። ተበዳሪው በኋላ «የድሮ ዕዳህን ነው የመለስክልኝ» አለው። የቴሌብሩ መልእክት ብር መላኩን ያሳያል፤ ብድር መሆኑን ግን በራሱ አይናገርም። ልጁ ስልኩን ዘርግቶ ያንኑ መልእክት ደጋግሞ ያሳየኝ ነበር። ያማል።

እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ከገባችሁ አትደንፉበት። ተረጋግታችሁ በጽሑፍ መልእክት ጠይቁት፦ «በመስከረም ያበደርኩህን 6,000 ብር መቼ ትመልስልኛለህ?» ብዙ ሰው «እሺ ደመወዝ ሲገባ» ብሎ ይመልሳል። ያንን መልስ አትሰርዙት፤ ፎቶውንም አንሱት። በስልክ መደወል እዚህ ላይ አይጠቅማችሁም።

ክስ የምትመሠርቱት በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት መክፈል ካልቻላችሁ ከቀበሌ ማስረጃ አጽፋችሁ በድሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል።

ወደፊት ስታበድሩ ግን ይህችን ጻፉ፦

«እኔ ተበዳሪ ……… ከአበዳሪ ……… ብር 6,000 (ስድስት ሺህ ብር) ዛሬ ……… ቀን ……… ዓ.ም. በብድር ተቀብያለሁ። እስከ ……… ቀን ……… ዓ.ም. እመልሳለሁ። የተበዳሪ ፊርማ ………። የአበዳሪ ፊርማ ………። እማኞች 1. ……… ፊርማ ……… 2. ……… ፊርማ ………»

ሁለት እማኝ የግድ ነው። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያስገደደው ውል ሁለት ምስክር ካልፈረሙበት ዋጋ የለውም፤ አንቀጽ 1727። አንድ እማኝ አስፈርመው ሲመጡ እያየሁ አዝናለሁ። ብሩ በአሃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ 6,000 ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው፤ «ስድስት ሺህ» ላይ ግን አይቻልም። ስትከፍሉ ደግሞ ወረቀቱን ተቀበሉ ወይም «ተከፍሎኛል» አስጽፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ብሬን እስኪሰጠኝ ቴሌቪዥኑን ይዣለሁ» አትበሉ። የሰው ዕቃ በጉልበት መያዝ ተበዳይን ተከሳሽ ያደርጋል። በሩን ቆልፋችሁ ከክፍሉ ማስወጣትም እንዲሁ። የተባረረው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ «ሁከት ይወገድልኝ» ብላችሁ መክሰስ ትችላላችሁ። ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ግን ሌላ ሰው ክፍሉን ሳይከራየው በዚያው ሳምንት ሂዱ።

8. የተጠረጠራችሁት እናንተ ከሆናችሁ

አብሽሩ። መጠርጠር መፈረድ አይደለም። መጥሪያ ከደረሳችሁ ግን አትቅሩ፤ ከቀራችሁ ተይዛችሁ ልትመጡ ትችላላችሁ። ከተማ ለቅቆ መጥፋት ደግሞ ኋላ ዋስትና ስትጠይቁ «ይሰወራል» ተብሎ ይነሳባችኋል።

ከተያዛችሁ እነዚህን ያዙ፦

ለምን እንደተያዛችሁ ወዲያው፣ በምትሰሙት ቋንቋ ሊነገራችሁ ይገባል። አማርኛ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። «ገባኝ» ብሎ መፈረም ያስጎዳል፤ ከከሚሴ በኩል ለሥራ የመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች በዚህ ሲጎዱ አይቻለሁ።

ዝም የማለት መብት አላችሁ። ለፖሊስ የምትሰጡት ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባችሁ ይችላል። ስማችሁንና አድራሻችሁን ተናገሩ፤ ስለ ነገሩ ግን ጠበቃ ወይም የሚያማክር ሰው ሳላገኝ አልናገርም ማለት ይቻላል። በግድ የተወሰደ የእምነት ቃል ተቀባይነት የለውም። ያላደረጋችሁትን «ቶሎ እንድወጣ» ብላችሁ አትመኑ። «እመንና ትወጣለህ» ብሎ የሚመክር ጓደኛ ይኖራል። አትስሙት።

በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ሰዓቱን የምትቆጥሩት ከተያዛችሁበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ውጭ ያለው ቤተሰብ የተያዛችሁበትን ሰዓት ይጻፍ። ይህ ሁሉ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ ያለ ነው።

ፍርድ ቤት ስትቀርቡ ፖሊስ ለተጨማሪ ምርመራ የጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል። ዳኛው «የምትለው አለ?» ሲላችሁ ዝም አትበሉ። ቋሚ አድራሻችሁን፣ የምትሠሩበትን ወይም የምትማሩበትን ቦታ፣ ቤተሰብ የምታስተዳድሩ ከሆነ እሱን ተናግራችሁ ዋስትና ጠይቁ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ወይም የሥራ ደብዳቤ ቤተሰብ ይዞ ይምጣ። ዳኛው ማወቅ የሚፈልገው በቀጠሮ ቀን ትመጣላችሁ ወይስ ትጠፋላችሁ የሚለውን ነው፤ የሥራ ደብዳቤው ያንን ይመልስለታል።

ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ይህም በአንቀጽ 21 ያለ መብት ነው።

ፖሊስ ክፍላችሁን ሊበረብር ቢመጣ ትዕዛዙን አሳዩኝ በሉ፤ በትሕትና። አትጋፉ፣ በር አትዝጉ። የተወሰደው ዕቃ አንድ በአንድ ሲመዘገብ ቆማችሁ እዩ። ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ተብሎ የተመዘገበውን ዝርዝር ሳታነቡ አትፈርሙ። የእናንተ ያልሆነ፣ የደባላችሁ ዕቃ ከተወሰደ «ይህ የእኔ አይደለም» ብላችሁ በዚያው አስጽፉ። በጋራ ክፍል ውስጥ ይህች አንዲት መስመር ብዙ ታድናለች።

9. ከደባል ጋር ስትለያዩም፣ አዲስ ስትገቡም

ውሉ በማን ስም እንደሆነ እወቁ። አከራይ የሚያውቀው በውሉ ላይ ያለውን ሰው ነው። ስማችሁ ያለበት እናንተ ከሆናችሁ፣ ደባላችሁ ሳይከፍል ቢወጣ አከራይ የሚጠይቀው እናንተን ነው። እናንተ ደግሞ እሱን። ስለዚህ ድርሻችሁን የምትከፍሉት በእጅ ከሆነ አስፈርሙ፤ በቴሌብር ከሆነ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ኪራይ ድርሻ» ብላችሁ ጻፉ።

በገባችሁበት ቀን ያላችሁን ዕቃ ዘርዝሩ፦ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ስልክ ከነቁጥሩ፣ ወርቅ ካለ። ሁሉም ደባል የሌላውን ዝርዝር አይቶ ይፈርምበት። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ «አታምኚኝም እንዴ?» ይባላል። «እኔም የአንቺን እፈርማለሁ» በሉ። የበሩ ቁልፍ ስንት እንደሆነና ማን ማን ዘንድ እንዳለ እዚያው ላይ ይስፈር። አንዷ ስትወጣ ቁልፏን ትመልስ፤ ከመለሰችም በኋላ ጓጉንቸሩን ቀይሩት።

ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ክፍሉ ውስጥ አታስቀምጡት፤ እዚያ ከሆነ ከዕቃው ጋር አብሮ ይሄዳል። እህት ካለች እህት ዘንድ፣ ከሌለች ደግሞ ሥራ ቦታ ሎከር ውስጥ፣ ከስልኩ ካርቶን ጋር አስቀምጡት።